«ተንበርክኬ ምን ልበል?» ላለው ወጣት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁ ፀጉር ቤቴ ውስጥ፣ ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ደንበኞቼ ተራቸው እስኪደርስ ያነቧታል። አንዱ ሲያነብ ሌላው ይሰማል። ባለፈው ሳምንት አንድ መምህር ደንበኛዬ ከአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ደብዳቤ ጮክ ብሎ አነበበልን። የጻፈው ወጣት ነው። መጸለይ ይፈልጋል። ግን ከተንበረከከ በኋላ ምን እንደሚል አያውቅም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ሐሳቡ ወደ ስልኩ፣ ወደ ሥራ ፍለጋው፣ ወደ ትናንት ጭቅጭቁ ይሄዳል። «እምነት የለኝም ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ቤቱ ዝም አለ። እኔም ማሽኑን አጥፍቼ ቆምኩ። ልጁ የጻፈው የእኔን ታሪክ ነበር። ስለዚህ መልስ ልጽፍለት ወሰንኩ። ሰባኪ አይደለሁም፤ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ብዙ ዓመት ተቸግሬአለሁ፣ የረዳኝንም ነገር አውቀዋለሁ።

47 ዓመቴ ነው። የተወለድኩት ይርጋለም ነው። ሐዋሳ የመጣሁት በ19 ዓመቴ ሲሆን መቀስ የያዝኩትም ያኔ ነው። አሁን አቶቴ አካባቢ ሁለት ወንበር ያላት ፀጉር ቤት አለችኝ። ያደግኩት በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ጸሎት ለእኔ እንግዳ ነገር አልነበረም። ሌሊት ጸሎት እሄዳለሁ። በጉባኤ መሐል ድምፄ ይወጣል፣ እንባዬም ይመጣል። ብቻዬን ቤት ስሆን ግን ቃል ያጥረኛል። የምለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፦ ጌታ ሆይ የሱቁን ኪራይ፣ ጌታ ሆይ የልጄን ፈተና፣ ጌታ ሆይ የእናቴን ደም ግፊት፣ አሜን። ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ይበተናል። አንዳንዴ ተንበርክኬ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቢሰሙ ያዝኑብኛል ብዬ እፈራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአጥቢያችን ቄስ ጺማቸውን ሊስተካከሉ መጡ። ከእሳቸው በፊት የነበረውን ደንበኛ ጆሮ ጫፍ በምላጭ ነካ አድርጌው ነበር። ትንሽ ደም ወጣ። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ገንዘቡንም አልተቀበልኩም፤ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስላጨው ስለ ኪራይ እያሰብኩ ነበር። ቄስም አይተዋል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ፣ «ሉተር ለፀጉር አስተካካዩ የጻፈውን ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፕሮቴስታንት ተሐድሶን የጀመረው ማርቲን ሉተር በጀርመን ዊተንበርግ ከተማ ጴጥሮስ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ወዳጅ ነበረው። ይህ ሰው እንዴት እንደሚጸልይ እንዲያስተምረው ሉተርን ለመነው። ሉተርም በፈረንጆቹ 1535 አንድ ትንሽ ጽሑፍ ጻፈለት። ያ ሁሉ የነገረ መለኮት ሊቅ፣ ያ ሁሉ ሥራ ያለበት ሰው፣ ቁጭ ብሎ ለፀጉር ቆራጭ ጻፈ። ቄስ ይህን ሲነግሩኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሙያችንን የሚያከብር ሰው ብዙ አይገኝም።

ጽሑፉ ውስጥ ከሙያችን የተወሰደ ምሳሌ አለ። ጎበዝ ፀጉር አስተካካይ ዓይኑንም ሐሳቡንም ምላጩና ፀጉሩ ላይ ያደርጋል፣ የት ድረስ እንደላጨ አይረሳም ይላል። እያወራ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ ከላጨ ግን የሰውየውን አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ሊቆርጥ ይችላል። ጸሎትም እንዲሁ ልብን ሙሉ ይፈልጋል ነው የሚለው። ቄስ ይህን ያሉኝ ደንበኛዬን ባቆሰልኩ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። ምላጩን አስቀምጬ ቆሜ ሰማኋቸው።

ታዲያ ልብ እንዳይበተን ምን ይደረግ? የሉተር ምክር ቀላል ነው። ባዶ እጅህን አትምጣ። የምታውቀውን ቃል ይዘህ ና፦ «አባታችን ሆይ»ን፣ አሥርቱን ትእዛዛት፣ የሃይማኖት መግለጫውን። አንዱን መስመር ውሰድ። በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ እሱ ራሱ አራት ነገር ይጠይቅ ነበር። ይህ ምን ያስተምረኛል? በዚህ ምን ላመስግን? በዚህ ምን ልናዘዝ? በዚህ ምን ልለምን? እንደ አራት ክር የተጎነጎነ ነው። ጠዋት የመጀመሪያ ሥራህ፣ ማታ የመጨረሻ ሥራህ ይሁን ይላል። «ቆይ ይህችን ጨርሼ እጸልያለሁ» ከሚለው ሐሳብም ተጠንቀቅ ይላል፤ ያቺ ሌላ ታመጣለች፣ ቀኑም ሳይጸለይ ይመሻል።

እኔ ይህን ይዤ ለራሴ በሚመች መንገድ አደረግኩት። በትምህርተ ክርስትናችን «አባታችን ሆይ» ሰባት ልመና ተብሎ ይቆጠራል። ሳምንቱም ሰባት ቀን ነው። ሰኞ «ስምህ ይቀደስ»፣ ማክሰኞ «መንግሥትህ ትምጣ»፣ ረቡዕ «ፈቃድህ ትሁን»፣ ሐሙስ «የዕለት እንጀራችንን»፣ ዓርብ «በደላችንን ይቅር በለን»፣ ቅዳሜ «ወደ ፈተና አታግባን»፣ እሑድ «ከክፉ አድነን»። በየቀኑ መጀመሪያ ሙሉውን እጸልያለሁ። ከዚያ በዕለቱ መስመር ላይ ቆሜ አራቱን ጥያቄ እጠይቃለሁ። በቃ። ሩብ ሰዓት፣ ሲበዛ ሃያ ደቂቃ። የምነሳው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሰፈሩ ገና ጸጥ ያለ ነው፤ ከሐይቁ በኩል የወፎች ድምፅ ይሰማል። ስልኩ ሌላ ክፍል ነው። ልጄ፣ ይህችን በተለይ አደራ እልሃለሁ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን።

አንድ ሐሙስ እንዴት እንደነበረ ልንገርህ። «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን።» ምን ያስተምረኛል? «እንጀራዬን» አይልም። «እንጀራችንን» ነው የሚለው። 40 ዓመት ያልኩትን ቃል ያን ቀን ገና ሰማሁት። «ዛሬ» ነው የሚለው፤ የወሩን አይልም። ምን ላመስግን? ትናንት ቀኑን ሙሉ መብራት አልጠፋም፤ ማሽኑ ሠርቷል፤ ዘጠኝ ሰው ቆርጫለሁ። ሉተር በ1529 ለቤተሰብ ባዘጋጀው አጭር ትምህርት የዕለት እንጀራ ሲባል ምግብ ብቻ እንዳልሆነ ይዘረዝራል። ጥሩ የአየር ሁኔታ፣ ሰላም፣ ጤና፣ መልካም ጎረቤት ሳይቀር ያስገባል። እኔም ጎረቤቶቼን በስም እየጠራሁ አመሰገንኩ። ምን ልናዘዝ? እዚህ ላይ ቆምኩ። ፊት ለፊቴ አዲስ ፀጉር ቤት ተከፍቷል። ትልልቅ መስታወት፣ ጥሩ ወንበር አለው። ወጣቶቹ ወደዚያ ይሄዳሉ። ቅናት ይዞኝ ነበር። ሌላም ነበር። ማክሰኞ ከገጠር የመጣ አንድ አባት ዋጋውን አላወቀም ብዬ 30 ብር አስበልጬ ተቀብዬዋለሁ። ረስቼው ነበር። «እንጀራችንን» የሚለው ቃል አስታወሰኝ። ምን ልለምን? ለዚያ አባት ለመንኩ። ለአዲሱ ፀጉር ቤት ልጆችም ለመንኩ። ሲጀመር ከልቤ አልነበረም። ሳላቋርጥ ስለምንላቸው ግን ልቤም ቀስ ብሎ ተከተለ።

ያ አባት በሌላ ገበያ ቀን ተመልሶ መጣ። 30 ብሩን መለስኩለት። ግራ ገብቶት አየኝ።

ልጄ፣ የሥርዓት ጥቅም ምን እንደሆነ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ቃል ስለሚሰጠን ብቻ አይደለም የሚጠቅመን። የምንዘለውን እንዳንዘል ያደርገናል። በራሴ መንገድ ስጸልይ የምወደውን ብቻ ነበር የማነሳው። ኪራይ፣ ፈተና፣ ደም ግፊት። ቅናቴን ማን ያነሳዋል? ተራ ሲኖር ግን ተራው ይደርሳል። ፀጉር ስቆርጥም እንዲሁ ነው። ከአንገት ጀምሬ በተራ ካልሄድኩ ከጆሮ ኋላ ያለውን እረሳዋለሁ። ደንበኛው ቤቱ ገብቶ ነው የሚያየው።

«በሥርዓት መጸለይ ደረቅ ነው፣ ጸሎት ከልብ ሲወጣ ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም እንዲህ እል ነበር። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 «በከንቱ አትድገሙ» እንዳለ ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ ብሏል። ግን ገጹን አትግለጡት። እዚያው፣ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ፣ «እናንተስ እንዲህ ጸልዩ» ብሎ ቃሉን የሰጠን ራሱ ነው። በጌቴሴማኒ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ እንደጸለየ ማቴዎስ ጽፏል። በመስቀል ላይም የጮኸው በመዝሙረ ዳዊት ቃል ነው። የተጻፈ ቃል ለእሱ ከልብ ካልራቀ፣ ለእኔ እንዴት ይርቃል? ሉተርም ቢሆን ያንን ቅደም ተከተል እንደ ሰንሰለት አላሰረም። በመሐል መንፈስ ቅዱስ በልብህ መናገር ከጀመረ ሌላውን ተወው፣ ዝም ብለህ ስማ ይላል። ለእኔ አንዳንድ ቀን እንዲህ ይሆናል። ሁልጊዜ አይደለም። በማይሆንበት ቀን ተራውን ይዤ እሄዳለሁ።

ከሱቄ አጠገብ ልብስ የሚሰፉ እትዬ አሉ፤ ኦርቶዶክስ ናቸው። ይህን የሳምንት ክፍፍሌን ብነግራቸው ሳቁ። ደስ ብሏቸው ነው። «እኛማ ውዳሴ ማርያምን የሰኞ፣ የማክሰኞ እያልን ነው የምንደግመው፤ ለሰባት ቀን የተከፈለ ነው» አሉኝ። ዳዊታቸውንም አሳዩኝ። ጠርዙ ያረጀ፣ በየቀኑ የሚደግሙት ቦታ ላይ ክር የገባበት። የቤተ ክርስቲያናቸውን ሰባት የጸሎት ጊዜያትም ቆጠሩልኝ፦ ነግህ (ንጋት)፣ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ሠርክ (ምሽት)፣ ንዋም (የመኝታ ጊዜ)፣ መንፈቀ ሌሊት። «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» የሚለው የዳዊት ቃል መነሻው ነው። እኔ አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። እትዬ ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ይኖሩበታል።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አንድ የሚያስደስተኝን ነገር ልጨምር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ጴጥሮስና ዮሐንስ በጸሎት ጊዜ በ9 ሰዓት ወደ መቅደስ ይወጣሉ። በምዕራፍ 10 ጴጥሮስ በ6 ሰዓት ሊጸልይ ሰገነት ላይ ይወጣል። የፈረንጅ አንባቢ ይህን ሰዓት አስልቶ ነው የሚደርስበት። እኛ ግን ሰዓትን ከንጋት ስለምንቆጥር ሱቄ ግድግዳ ላይ ያለው 9 ሰዓት ያው የጴጥሮስ 9 ሰዓት ነው። ጌታ በመስቀል ላይ በታላቅ ድምፅ የጮኸበት ሰዓት ነው። በሐዋሳ ፀሐይ ደግሞ 9 ሰዓት ላይ ደንበኛ ይቀንሳል። እኔ ፎጣ አጥፋለሁ፣ መቀሶቹን በአልኮል እጠርጋለሁ። እየጠረግሁ የጠዋቱን መስመር አንድ ጊዜ እላለሁ። ማንም አያውቅም። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ዓርብ ልምጣ። ደብዳቤውን ልጽፍ የተነሳሁትም በእሱ ምክንያት ነው።

ከታናሽ ወንድሜ ጋር አራት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። ነገሩ የአባታችን ቤት ነው። ይርጋለም ያለው ቤት ተሸጠ፣ ድርሻዬ በትክክል አልደረሰኝም ብዬ አመንኩ። ዛሬም እንደዚያው ነው የማምነው። በእነዚያ አራት ዓመታት ስንት ሌሊት ጸሎት ሄጃለሁ፣ ስንት ቀን ጾሜአለሁ። የወንድሜን ስም አንድም ቀን በጸሎት አላነሳሁም። ለመርገምም ለመባረክም። ጎድቶኛል ብዬ ዘለልኩት።

በሳምንት ክፍፍሌ የመጀመሪያው ዓርብ መጣ። «በደላችንን ይቅር በለን፤ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል።» ሁለተኛው ጥያቄ ጋ ሳልደርስ ተነሳሁ። ሥራ አለብኝ አልኩ። ሁለተኛው ዓርብም እንዲሁ። ሦስተኛው ዓርብ የመጀመሪያውን ግማሽ ብዬ «እኛም» ላይ ምላሴ ቆመ። ሐሙስን እየወደድኩ ዓርብን መፍራት ጀመርኩ። ቀኑን ለመቀየርም አሰብኩ። ግን ዓርብን ብቀይረው ቅዳሜ ይጠብቀኛል። በሳምንት አንድ ቀን የማይቀር ነው።

ቄስ እንደገና ሊስተካከሉ ሲመጡ ነገርኳቸው። ምክር አልሰጡኝም። ስላጫቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «የሉተር ፀጉር አስተካካይ ጴጥሮስ መጨረሻው ምን እንደሆነ ነግሬሃለሁ?» አሉ። አልነገሩኝም ነበር። ያ ጽሑፍ በታተመበት በዚያው በ1535፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ጴጥሮስ በልጁ ባል ቤት ለማዕድ ተቀምጦ ነበር። ጠጥቷል። አማቹ ወታደር ነበር፤ ብረት አይነካኝም እያለ ይፎክር ነበር ይባላል። ጴጥሮስ ቢላዋ አንስቶ ወጋው። ሰውየው ሞተ። ሉተርና ሌሎች ስለማለዱለት ጴጥሮስ ከሞት ፍርድ ተርፎ ከከተማው ተባረረ። ያንን የመሰለ የጸሎት ትምህርት በስሙ የተጻፈለት ሰው ነው።

ምላጩ እጄ ላይ ነበር። ቄስ ጉሮሯቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። ምን እንደተሰማኝ በቃል ለመግለጽ ይከብደኛል። እኔ ያንን ሥርዓት እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አስሬው ነበር። ሩብ ሰዓቴን ጸልያለሁ፣ ቀኔ ተጠበቀ ብዬ። ወረቀቱ ጴጥሮስን አልጠበቀውም። ከቤተሰብ ጋር በማዕድ ላይ፣ በቁጣ፣ በሚያውቀው መሣሪያ ገደለ። እኔስ አራት ዓመት ቁጣ ይዤ ከእሱ በምን እሻላለሁ?

በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሚኒባስ ተሳፍሬ ይርጋለም ወረድኩ። ደውዬ አልተናገርኩም፤ ብደውል ሐሳቤን እንደምቀይር አውቃለሁ። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ አየኝ። «ሰው ሞተ እንዴ?» ነው ያለው መጀመሪያ። አልሞተም አልኩት። ሚስቱ ወንበር አወጣች፣ ቡና አፈላች። ስለ ልጆች፣ ስለ እናታችን መድኃኒት፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ቤቱ አንዳችንም አላነሳንም። ሦስተኛውን ቡና ጠጥተን ተነሳሁ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አብሮኝ ቆመ።

ሁሉ ነገር ተስተካክሏል አልልህም። የቤቱ ጉዳይ እንዳለ ነው። ግን የዓርቡን መስመር አሁን እስከ መጨረሻው እላለሁ። ስሙንም አነሳለሁ። ምን ላመስግን ለሚለው፣ ትምህርት ቤት ስንሄድ ወንዙን በጀርባዬ አዝዬ እንዳሻገርኩት አስታውሳለሁ። ምን ልናዘዝ ለሚለው ብዙ አለ፤ እሱ ለጋዜጣ አይሆንም።

ልጄ፣ እምነት የለህም ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እምነት የሌለው ሰው ሐሳቤ ተበተነ ብሎ ለጋዜጣ አይጽፍም። ደቀ መዛሙርቱም ጌታን «መጸለይ አስተምረን» ብለው ለምነዋል። ከእሱ ጋር እየበሉ፣ እየሄዱ፣ ሲጸልይም እያዩት ማለት ነው። አለማወቅህን መናገርህ ራሱ የጸሎት መጀመሪያ ይመስለኛል።

ሰባቱን ቀን በአንድ ጊዜ አትያዝ። ነገ ጠዋት ሙሉውን «አባታችን ሆይ» ቀስ ብለህ በል፣ ከዚያ በአንዱ መስመር ላይ ቁም። አራቱን ጥያቄ በትንሽ ወረቀት ጽፈህ አልጋህ አጠገብ ለጥፈው። የእኔ አሁንም መስታወቴ ጥግ ላይ አለ፤ ደንበኞች የዋጋ ዝርዝር ይመስላቸዋል። ሐሳብህ ሲሄድ ራስህን አትስደብ። መስመሩን እንደገና አንሳው። የሄድክበትንም ነገር ይዘኸው ተመለስ። ሥራ ፍለጋው ሐሳብህን ከወሰደው «የዕለት እንጀራችንን» ውስጥ አስገባው፤ ቦታው እዚያ ነው። የትናንቱ ጭቅጭቅ ከወሰደህ የዓርቡ መስመር አለ። ያልቻልክበት ቀን ቢያልፍም በማግስቱ የማግስቱን ቀን መስመር ያዝ እንጂ ያለፈውን ልክፈል አትበል።

ሐዋሳ ከሆንክ ወይም በዚህ በኩል ካለፍክ አቶቴ ጎራ በል። በ9 ሰዓት ብትመጣ ወረፋ የለም። ፀጉርህን በነፃ እቆርጥልሃለሁ፤ የያዝከውን መስመርም ትነግረኛለህ።

ከአክብሮት ጋር፣
ፀጉር አስተካካዩ
አቶቴ፣ ሐዋሳ